ካሊፎርኒያ ልትመጡ ላሰባችሁ፦ ከ11 ዓመት ኑሮዬ

ከዳላስ ወደ ሎስ አንጀለስ የመጣነው በፈረንጆቹ 2014 ነው። ባለቤቴ፣ የ8 ዓመት ልጃችንና እኔ። ቴክሳስ ሦስት ዓመት ሠርተን ያጠራቀምናት 6,400 ዶላር ነበረችን። በሁለተኛው ወር መጨረሻ 900 ዶላር ቀረችን። ገንዘቡን አላባከንነውም። የአንድ ወር ኪራይ፣ የሁለት ወር ዲፖዚት (መያዣ)፣ የመኪና ምዝገባ፣ ኢንሹራንስ፣ ፍራሽ። አለቀ።

በዚያ ላይ የፓርኪንግ ቅጣቱ። አፓርትመንታችን የመኪና ማቆሚያ ስላልነበረው መንገድ ላይ እናቆም ነበር። በሳምንት አንድ ቀን መንገዱ የሚጠረግበት ሰዓት አለ። ሰሌዳው ላይ ተጽፏል፤ እኛ ግን ልብ አላልነውም። መኪናው በዚያ ሰዓት እዚያ ከተገኘ ቅጣቱ 73 ዶላር ነበር። በመጀመሪያው ወር ሦስት ጊዜ ተቀጣን። 219 ዶላር ማለት ያኔ ለኛ የሁለት ሳምንት አስቤዛ ነበር። ባለቤቴ ሦስተኛዋን ወረቀት ከመስታወቱ ላይ አንስቶ መኪናው ውስጥ ብዙ ዝም ብሎ ተቀመጠ። ያንን ጠዋት አልረሳውም።

አስቀድሞ የነገረን ሰው አልነበረም። ዛሬ ከሚኒሶታም፣ ከቴክሳስም፣ ዲቪ ደርሷቸው ከአዲስ አበባም የሚደውሉልኝ አሉ። ሁሉም «ካሊፎርኒያ ይሻላል ወይ?» ነው የሚሉኝ። እኔም መልሼ «የምትመጡት ለምንድን ነው?» እላለሁ። ለመማር፣ ልጅ ለማስተማር ወይም የታመመ ወላጅ ለማስታመም የሚመጣ ሰው ይህ ስቴት ብዙ ነገር ያግዘዋል። ቶሎ ገንዘብ ቋጥሮ ቤት ለመግዛት የሚመጣ ሰው ግን ይጎዳል። በዓይኔ ያየሁት ይህንን ነው።

መጀመሪያ ስፋቱን ልንገራችሁ፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ካሊፎርኒያ 424,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የኢትዮጵያን ሲሶ ያልፋል። 39 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ይኖርበታል። የባሕር ዳርቻው ርዝመት 1,350 ኪሎ ሜትር ይሆናል። «ወንድሜ ኦክላንድ ነው ያለው፣ እኔ ሎስ አንጀለስ ገብቼ በየሳምንቱ እጠይቀዋለሁ» ያለችኝ ልጅ ነበረች። በመካከላቸው 600 ኪሎ ሜትር አለ። መኪና መንዳት ለለመደ ሰው እንኳ የስድስት ሰዓት መንገድ ነው። አየሩም እንደዚሁ ነው። በሐምሌ ሳንታ ሞኒካ ላይ ሹራብ ያስለብሳል። ከዚያ 100 ኪሎ ሜትር ወደ ውስጥ ስትገቡ ሙቀቱ 40 ዲግሪ ይደርሳል። ኪራዩ፣ ሥራው፣ የሃበሻው ብዛት ከካውንቲ ካውንቲ (እንደ ዞን ያለ አስተዳደር ነው) ይለያያል። ስለዚህ ስለ ካሊፎርኒያ የሚነግራችሁን ሰው «የት ከተማ ነው የምትኖረው?» ብላችሁ ጠይቁት።

ኪራይ ዋናው ነገር ነው። ያኔ አንድ መኝታ ቤት በ1,350 ዶላር ተከራየን። ዛሬ በዚያው ሰፈር 2,000 ዶላርም አይበቃም። አከራዮች ብዙ ጊዜ ገቢያችሁ የኪራዩን ሦስት እጥፍ እንዲሆን ይፈልጋሉ። ክሬዲትም፣ ማለትም ብድር የመክፈል ታሪካችሁን፣ ያያሉ። አዲስ ከአገር ቤት የመጣ ሰው ሁለቱም የለውም። በዚህ ምክንያት አብዛኛው ሃበሻ የሚጀምረው ከደባል ጋር ነው፤ ወይ የዘመድ ሳሎን ላይ። ይህ የሚያሳፍር አይደለም። ግን ዘመዳችሁን «እስከ መቼ?» ብላችሁ ከመምጣታችሁ በፊት ተነጋገሩ። በኪራይ ክፍፍልና በመብራት ሂሳብ የተኳረፉ ወንድማማቾች አውቃለሁ።

የሚከላከልላችሁ ሕግ እንዳለ ግን እወቁ። ከ2020 ጀምሮ ብዙ አፓርትመንቶች ላይ አከራዩ በዓመት መጨመር የሚችለው 5 በመቶና የዋጋ ንረቱን ያህል ብቻ ነው፤ ሁለቱ ተደምረው ከ10 በመቶ ማለፍ አይችሉም። ከ15 ዓመት ወዲህ የተሠራ ሕንፃና አንዳንድ የግል ቤቶች በዚህ አይገቡም። ከፈረንጆቹ ጁላይ 2024 ወዲህ ደግሞ ዲፖዚት በአብዛኛው ከአንድ ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ተደርጓል። በኛ ጊዜ ይህ ቢኖር ኖሮ ስንት ጭንቀት ይቀርልን ነበር። በሎስ አንጀለስ ከተማ ደግሞ ከፈረንጆቹ ኦክቶበር 1978 በፊት የተሠሩ አፓርትመንቶች የራሳቸው የኪራይ ቁጥጥር አላቸው። የኛ ሕንፃ የ1960ዎቹ ነበር። አከራያችን በአንድ ጊዜ 300 ዶላር ልጨምር ብሎ ወረቀት በር ላይ ሲለጥፍ ልንስማማ ጫፍ ደርሰን ነበር። የሥራ ባልደረባዬ «ሕንፃው መቼ ነው የተሠራው?» ብላ ባትጠይቀኝ እንከፍል ነበር። ወደ ከተማው የቤቶች ቢሮ ደወልኩ። ጭማሪው ተሰረዘ። ቤት ከመከራየታችሁ በፊት ሕንፃው የተሠራበትን ዓመት ጠይቁ። ከወጥ ቤቱ ስፋት የበለጠ የሚጠቅማችሁ እሱ ነው።

በ2018 ግን ልጃችንም አደገ፣ እማዬም ልትመጣ ነበርና ወደ ፎንታና ወጣን። ፎንታና ከሎስ አንጀለስ መሀል ወደ 80 ኪሎ ሜትር ይርቃል። ሁለት መኝታ ቤት አገኘን፤ መኪና ማቆሚያም አለው። የከፈልነው ደግሞ በጊዜ ነው። ባለቤቴ ሥራው ሎስ አንጀለስ ስለነበር ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ይነሳል። ፍሪዌዩ ላይ በትንሹ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ሲብስ ሁለት ሰዓት። በባቡር የሄደባቸው ወራት ይሻሉ ነበር፤ ቢያንስ ይተኛል። ቤንዚን እዚህ ከአገሪቱ አማካይ ዋጋ በጣም ይወደዳል፤ አንዳንዴ በጋሎን ከአንድ ዶላር በላይ ልዩነት አለው። ርካሽ ቤት አገኘሁ ስትሉ የቤንዚኑን፣ የጎማውንና የእንቅልፉን ዋጋ ደምሩበት።

ታክሱን ቶሎ ልለፈው። ቴክሳስ ውስጥ የስቴት የገቢ ግብር የለም፤ እዚህ አለ። ዕቃ ስትገዙ የሚጨመረው ታክስ ከ7.25 በመቶ ይጀምርና ሎስ አንጀለስ ውስጥ ወደ 10 በመቶ ይጠጋል። የመጀመሪያዋን የደመወዝ ቼክ ስታዩ እንዳትደነግጡ ብዬ ነው።

ሥራ ላይ ስንመጣ ሚዛኑ ወደዚህ ያደላል። በ2025 የስቴቱ ዝቅተኛ ክፍያ በሰዓት 16.50 ዶላር ነበር። ቴክሳስ የፌዴራሉን 7.25 ነው የሚከተለው። ከደመወዙ ይበልጥ እኔን የጠቀመኝ ግን የኦቨርታይም ሕጉ ነው። በብዙ ስቴት ኦቨርታይም የሚቆጠረው በሳምንት ከ40 ሰዓት ሲያልፍ ነው። እዚህ በአንድ ቀን ከ8 ሰዓት ካለፋችሁ አንድ ተኩል ይከፈላችኋል፤ ከ12 ሰዓት ካለፈ እጥፍ። አምስተኛው ሰዓት ሳያልቅ የ30 ደቂቃ የምግብ እረፍት ሊሰጣችሁ ይገባል። ካልተሰጣችሁ የአንድ ሰዓት ተጨማሪ ክፍያ አላችሁ። አንዳንድ የሥራ ዓይነቶች የተለየ ደንብ አላቸው፤ አብዛኛው የሰዓት ሠራተኛ ግን በዚህ ይሸፈናል።

ይህን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። መጀመሪያ የሠራሁበት የአረጋውያን መንከባከቢያ የእረፍት ሰዓታችንን ከደመወዛችን ይቆርጥ ነበር፤ እኛ ግን እረፍት ሳንወጣ እንሠራ ነበር። ሁላችንም ስደተኞች ነን፤ ፊሊፒናዊት፣ ናይጄሪያዊት፣ ሁለት ሃበሾች። ማንም አይናገርም። አንዷ ጓደኛችን ለስቴቱ የሠራተኛ ጉዳይ ኮሚሽነር አመለከተች። ጠበቃ አላስፈለጋትም፤ ማመልከቻውም በነፃ ነው። ወራት ፈጀ እንጂ ገንዘቧን አገኘች። እኔ ፈርቼ አላመለከትኩም፤ ገንዘቤም ቀረ። እናንተ ግን የሠራችሁበትን ሰዓት በስልካችሁ ላይ በየቀኑ መዝግቡ። የመኖሪያ ወረቀት የሌለው ሰው እንኳ ይህንን መብት አያጣም።

አሁን ወደ ትምህርቱ ልምጣ። ካሊፎርኒያን የምወድበት ምክንያት እዚህ ላይ ነው ያለው። ከመቶ በላይ የኮሚኒቲ ኮሌጆች (የሁለት ዓመት የመንግሥት ኮሌጆች) አሉ። ለስቴቱ ነዋሪ አንድ ዩኒት (የትምህርት መለኪያ) 46 ዶላር ነው። ገቢው አነስተኛ ለሆነ ሰው እሱም ይነሳለታል። እኔ ስጀምር ተነስቶልኛል፤ የከፈልኩት ለመጽሐፍና ለፓርኪንግ ነው። ነዋሪ ለመባል አንድ ዓመት ከአንድ ቀን መኖር ያስፈልጋል። ነዋሪ ካልሆናችሁ ክፍያው ብዙ እጥፍ ነው። ስለዚህ በመጣችሁ ሳምንት ሰዓቱን አስጀምሩት። መንጃ ፈቃዳችሁን ወደ ካሊፎርኒያ ቀይሩ፤ ሕጉም በ10 ቀን ውስጥ ቀይሩ ነው የሚለው። መኪናችሁን በ20 ቀን ውስጥ አስመዝግቡ። የኪራይ ውላችሁን አስቀምጡ። በኋላ ኮሌጁ ማስረጃ ሲጠይቃችሁ የምታሳዩት እነዚህን ነው። እኔ ውሉን ጥዬው ስለነበር አንድ ሴሚስተር ዘግይቻለሁ።

መጀመሪያ የነርስ ረዳትነት ሥልጠና ወሰድኩ። እዚህ 160 ሰዓት ነው፤ ከብዙ ስቴት ይረዝማል። ከዚያ እየሠራሁ የነርስነት ቅድመ ትምህርቶችን በማታ ወሰድኩ። ተራ መጠበቁ ረጅም ነው፤ በዚህ አልዋሻችሁም። ሁለት ዓመት ጠብቄያለሁ። በ2021 ነርስ ሆንኩ። ካሊፎርኒያ ከ2004 ጀምሮ አንድ ነርስ ስንት ታካሚ መያዝ እንደሚችል በሕግ የወሰነ የመጀመሪያው ስቴት ነው። እኔ ባለሁበት ዓይነት ክፍል አምስት ነው ጣሪያው። ሌላ ስቴት የምትሠራ የክፍል ጓደኛዬ ሰባት፣ ስምንት ትይዛለች። ሺፍቷን ጨርሳ ስትደውልልኝ ድምፅዋ ይለያል።

ልጃችንም ዛሬ 19 ዓመቱ ነው። ኮሚኒቲ ኮሌጅ ሁለተኛ ዓመት ነው። ከዚያ ወደ ስቴቱ ዩኒቨርሲቲ ይዛወራል። እስካሁን ብድር ውስጥ አልገባም። ጓደኞቹ በስሙ የታወቀ ቦታ ገቡ፤ እሱ ደግሞ ማታ እራቱን ከኛ ጋር ይበላል።

እማዬ የመጣችው በ2019 መጀመሪያ ነው። ስኳርና ግፊት አለባት። በብዙ ስቴት ግሪን ካርድ ይዞ የመጣ ሽማግሌ የመንግሥት የጤና መድን ለማግኘት አምስት ዓመት ይጠብቃል። እዚህ ሜዲ-ካል የሚባለውን የስቴቱን መድን ወዲያው አገኘች። ሌላም አለ፦ ሰው የሚያስፈልጋቸውን አረጋውያን ቤታቸው ሆኖ ለሚንከባከብ ሰው ካውንቲው በሰዓት የሚከፍልበት ፕሮግራም አለ። ተንከባካቢው ልጅም ሊሆን ይችላል። ማኅበራዊ ሠራተኛ ቤት ድረስ መጥታ «ብቻዋን ትታጠባለች? ምግብ ታበስላለች?» እያለች ጠየቀች። እማዬ በኩራት ለሁሉም «አዎ እችላለሁ» ብላ መለሰች። ሰዓቱ በጣም ትንሽ ሆኖ መጣ። የኛ እናቶች መቸገራቸውን ለባዕድ መናገር አይወዱም። ከቃለ መጠይቁ በፊት ቁጭ ብላችሁ አስረዷቸው፤ እውነቱን ይናገሩ። የእነዚህ ፕሮግራሞች ደንብ ይቀያየራልና ከመወሰናችሁ በፊት የምትሄዱበትን ካውንቲ ጠይቁ።

መሬቱ ደግሞ ይንቀጠቀጣል። ጁላይ 5 ቀን 2019፣ በኛ ሰኔ 28፣ አርብ ማታ ነበር። የሰኔ ጾም ስለነበር እማዬ ሽሮ እያማሰለች ነው። መጀመሪያ የሰማሁት የብርጭቆዎቹን መንቀጫቀጭ ነው። ቀጥሎ ከጣሪያው የተንጠለጠለው መብራት እንደ ዥዋዥዌ መሄድ ጀመረ። እማዬ ማማሰያውን በእጇ እንደያዘች «እግዚኦ! እግዚኦ!» እያለች ወደ በሩ ሮጠች። ያ ትልቅ ስህተት ነው፤ ያስተማራት ሰው ስላልነበረ ጥፋቱ የኔ ነው። ሰው የሚጎዳው በአብዛኛው ሲሮጥና ዕቃ ሲወድቅበት ነው። ዝቅ ማለት፣ ጠረጴዛ ስር መግባት፣ የጠረጴዛውን እግር አጥብቆ መያዝ ነው። መነሻው ሪጅክረስት አካባቢ በረሃው ውስጥ ነበር፤ ከኛ ወደ 200 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። መጠኑ 7.1 ነበር። እኛ ቤት የተሰበረው አንድ ጀበና ነው። እማዬ ግን ለሳምንታት ልብሷን ሳታወልቅ ነበር የምትተኛው።

ከዚያ በኋላ ቁም ሳጥኑን ከግድግዳው ጋር በብረት አሰርነው። የውሃ ማሞቂያው መታሰሩንም አየን፤ እዚህ በሕግ ግዴታ ነው። ማይሼክ የሚባለውን አፕ ሁላችንም ስልክ ላይ ጫንን፤ ንዝረቱ ከመድረሱ ሰኮንዶች ቀደም ብሎ ሊያስጠነቅቅ ይችላል። ቤት የምትገዙ ከሆነ መደበኛው የቤት ኢንሹራንስ የመሬት መንቀጥቀጥን አይሸፍንም። ለብቻው ይገዛል።

እሳቱ ግን ከመንቀጥቀጡ ይልቅ ያስፈራኛል። ጃንዋሪ 7 ቀን 2025 የገና በዓላችን ነበር። ሌሊቱን ቤተ ክርስቲያን አድረን ጠዋት ወደ ፎንታና ስንመለስ ነፋሱ መኪናውን ከመስመሩ ይገፋው ነበር። ሳንታ አና ይሉታል፤ ከበረሃው ወደ ባሕር የሚነፍስ ደረቅ ነፋስ ነው። ቀን ላይ ፓሊሴድስ የሚባለው በባሕሩ በኩል ያለ ሰፈር መቃጠል ጀመረ። ማታ ደግሞ በተራራው በኩል ያለው አልታዲና። ዶሮ ወጡ እንደቀረበ ሁላችንም ቴሌቪዥኑ ፊት ቆመን ቀረን። አልታዲና የምትኖር የሥራ ባልደረባዬ ከነልጆቿ ሌሊት 6 ሰዓት ላይ በራችንን አንኳኳች። የያዘችው የልጆቹን የትምህርት ቤት ቦርሳና አንድ ብርድ ልብስ ብቻ ነው። ቤቷ ተቃጠለ። በሁለቱ እሳቶች ከ16,000 በላይ ቤቶችና ሕንፃዎች ወድመዋል። እሷን ከሐዘኑ በላይ ያንገላታት ወረቀት ነው። ፓስፖርት፣ የዜግነት ምስክር ወረቀት፣ የጋብቻ ወረቀት፣ ሁሉም ነደደ። የኛ ሰው ወረቀቱን ከአልጋ ስር ሻንጣ ውስጥ ነው የሚያስቀምጠው። ዛሬውኑ ፎቶ አንሱትና ኢሜይላችሁ ውስጥ አስቀምጡት። ዋናውን በአንድ ቦርሳ በር አጠገብ አድርጉት። ተከራይም ብትሆኑ የተከራይ ኢንሹራንስ ግዙ፤ ብዙ ጊዜ የወሩ ክፍያ ከአንድ እራት አይበልጥም። ቤት ለመግዛት ካሰባችሁ ደግሞ ዋጋውን ከመደራደራችሁ በፊት የኢንሹራንስ ዋጋ ጠይቁ። ለእሳት በተጋለጡ ሰፈሮች ውስጥ መድን የሚሸጥ ኩባንያ ማግኘት ራሱ ከባድ ሆኗል።

ባሕሩስ? ባሕሩ የሁሉም ነው። እርጥቡ አሸዋ የሕዝብ ስለሆነ የሀብታም ቤት ፊት ለፊት ቢሆንም የሚከለክላችሁ የለም። ሳንታ ሞኒካ ከመሀል ከተማ በባቡር በ1.75 ዶላር ይኬዳል። ውሃው ግን በሐምሌም ይቀዘቅዛል፤ እንደ ላንጋኖ አድርጋችሁ እንዳትጠብቁት። ወደ ውስጥ የሚጎትት ሞገድም አለ። ብዙዎቻችን ዋና ሳንማር ነው ያደግነው። ሞገዱ ከወሰዳችሁ ወደ ዳር ለመመለስ አትታገሉት፤ ከዳርቻው ጋር ጎን ለጎን ዋኙ፣ ሲለቃችሁ ትመለሳላችሁ። ልጆቻችሁን የከተማው ገንዳ ውስጥ ዋና አስተምሩ፤ ዋጋው ብዙ አይደለም። ጠባቂ በሌለበት ቦታ አታስገቧቸው።

እማዬን መጀመሪያ የወሰድኳት ቀን ብዙ ሳትናገር አሸዋው ላይ ተቀመጠች። በኋላ «ይህ ሁሉ ውሃ እያለ ለምንድን ነው የውሃ ሂሳብ የምትከፍሉት?» አለችኝ። ጨው እንደሆነ፣ በደቡብ ካሊፎርኒያ ከምንጠጣው ብዙው ከሰሜን ተራሮች በረዶና ከኮሎራዶ ወንዝ በቦይ እንደሚመጣ ነገርኳት። ዛሬም ቧንቧ ክፍት ትቼ ካየችኝ «ከስንት አገር የመጣ ውሃ ነው» ትለኛለች።

ሃበሻ ይናፍቀኛል ብላችሁ አትስጉ። ሎስ አንጀለስ ውስጥ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ከ2002 ጀምሮ «ሊትል ኢትዮጵያ» ተብሎ በይፋ የተሰየመ ሰፈር አለ። እንጀራው፣ በርበሬው፣ ቡናው፣ የሥራ ወሬው እዚያ ነው። ኦክላንድ፣ ሳን ሆዜና ሳን ዲዬጎም ብዙ ወገን አለ። እኛ ፎንታና ስንገባ ግን ይህ ሁሉ ራቀብን። ለቅሶ ለመድረስ ሁለት ሰዓት መንዳት አለ። አራስ ጥየቃ በስልክ ሆነ። ልጄ አማርኛው የደከመው በነዚያ ዓመታት ነው፤ እስካሁን ይቆጨኛል። አዲስ አበባም ከምሥራቁ ዳርቻ ይልቅ ይርቃል። ቀጥታ በረራ ስለሌለ በዋሽንግተን ወይም በሌላ አገር መዞር ነው። በሐምሌ እዚህ ከምሽቱ 3 ሰዓት ሲሆን እዚያ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ነው። እኛ ልንተኛ ስንል እነሱ ይነሳሉ። መርዶ የሚመጣው በዚያ ሰዓት ነው።

ከኛ ጋር ከመጡት ቤተሰቦች ሦስቱ ወደ ላስ ቬጋስ ሄደዋል። የአራት ሰዓት መንገድ ነው፤ የስቴት የገቢ ግብር የለም። ሁለቱ ቤት ገዝተዋል። ባለቤቴ እነሱን ጠይቆ በተመለሰ ቁጥር ወረቀት አውጥቶ ይደምራል፣ ይቀንሳል። እውነቱን ነው፤ በገንዘብ ብቻ ከሆነ እነሱ በልጠውናል። እኛ ልጁ ዩኒቨርሲቲ እስኪጨርስና የእማዬ ሐኪሞች እዚህ እስካሉ ድረስ አንንቀሳቀስም። እናንተም ከመወሰናችሁ በፊት ለሁለት ሳምንት ብቻችሁን ኑ። የምትሠሩበትን ቦታ ለዩ፤ ከዚያ በሥራ መግቢያ ሰዓት፣ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ፣ ልትከራዩ ካሰባችሁበት ሰፈር ተነስታችሁ ራሳችሁ ንዱት።